«ምንም አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም

የአክስቴ ልጅ በአካውንቲንግ ከተመረቀች ስድስት ወር ሆኗታል። ጠዋት ስትነቃ መጀመሪያ የምታነሳው ስልኳን ነው፤ የምትከፍተውም ቲክቶክ ሳይሆን የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጽ ነው። አንድ ቀን በመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ «ሂሳብ ሰራተኛ» ብላ ጻፈች። ገጹ ትንሽ ተሽከረከረና «ምንም አልተገኘም» አላት። በማግሥቱ ሞከረች፤ ያው ነው። በሳምንቱ ጓደኛዋ ስክሪንሾት ላከችላት፦ «የሒሳብ ሠራተኛ፣ የሥራ ልምድ 0 ዓመት»። ማስታወቂያው የወጣው እሷ ስትፈልግበት በነበረው በዚያው ድረ ገጽ ነው። የማመልከቻው ጊዜ ያለቀው ደግሞ ትናንት።

«0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ፣ ተመርቃችሁ ቤት የተቀመጣችሁ ታውቁታላችሁ።

ስልኳን ይዛ መጥታ «እስቲ ይኼን እየው» ስትለኝ የምመልስላት ጠፋኝ። ምክንያቱም የዚያን ድረ ገጽ የሥራ ዝርዝርም ሆነ የመፈለጊያ ሳጥን የሠራሁት እኔ ነበርኩ። የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ ግን ጽሑፍ ብቻውን የቤት ኪራይ ስለማይከፍል ከጎኑ ድረ ገጽ እሠራለሁ። ያንን ሥራ ጨርሼ ሳስረክብ «በደንብ ይሠራል» ብዬ ነበር። ገንዘቤንም ተቀብያለሁ።

«ማስታወቂያው እዚያው አለ አይደል እንዴ? ታዲያ ለምን የለም አለኝ?» አለችኝ። ይህ ጽሑፍ ለእሷ ጥያቄ መልስ ነው፤ የእኔም ጥፋት ታሪክ ነው።

ዝርዝር ሁሉ ጥያቄ ነው

በስልካችሁ የምታዩት ዝርዝር፣ የዜናም ይሁን የሥራ ወይም የኪራይ ቤት፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ቦታ ተጽፎ የተቀመጠ ነገር አይደለም። ድረ ገጹ ወደ ዳታቤዙ ሄዶ ይጠይቃል፤ የመጣለትን መልስ ደርድሮ ያሳያችኋል። ባለሙያዎቹ ይህን ጥያቄ ኩዌሪ ይሉታል። ዳታቤዙ ራሱ በአብዛኛው ረድፍና ዓምድ ያላቸው ሰንጠረዦች ስብስብ ነው። ሐሳቡን የአይቢኤም ተመራማሪ የነበረው ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ነው ያቀረበው፤ እስከ ዛሬም በእሱ እየሠራን ነው። መጠየቂያው ቋንቋ ኤስኪውኤል ይባላል።

የእኔ ዝርዝር የሚጠይቀው ጥያቄ በአማርኛ ቢነገር ይህን ይመስላል፦ «ከማስታወቂያዎቹ ውስጥ ለሕዝብ የወጡትን፣ የማመልከቻ ቀናቸው ያላለፈውን፣ በርዕሳቸው ውስጥ ተጠቃሚው የጻፈው ቃል ያለባቸውን ምረጥ፤ ከአዲሱ ጀምረህ 20 አምጣ።»

ዳታቤዝ ሱቅ እንደተላከ ሕፃን ነው። «ቀዩን ሳሙና ግዛ» ብላችሁ ስትልኩት ባለ ሱቁ ጋ ያለው ሮዝ ብቻ ከሆነ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሕፃኑ አልዋሸም፤ ቀይ የለም። «ምንም አልተገኘም» የሚለው መልስም እንደዚያ ነው። እውነት ነው፤ ግን ለተጠየቀው ጥያቄ ብቻ።

ኮድ ሳይጽፉ መጠየቅ

ድረ ገጹ የተሠራው በድሩፓል ነው። ድሩፓል ሲኤምኤስ ከሚባሉት ሶፍትዌሮች አንዱ ነው፤ ማለትም አዘጋጆች ኮድ ሳይነኩ ጽሑፍና ፎቶ እየጫኑ ድረ ገጽ የሚያስተዳድሩበት መሣሪያ። ዎርድፕረስም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ድሩፓልን የጀመረው ድሪስ ባይታርት የሚባል ቤልጂየማዊ ነው፤ ተማሪ ሳለ የጀመረውን ሥራ እ.ኤ.አ. በ2001 ማንም በነፃ እንዲጠቀምበት ከነኮዱ ለቀቀው።

በድሩፓል ውስጥ አዲስ ችሎታ የሚጨመረው በሞጁል ነው። ሞጁል ማለት ስልካችሁ ላይ አፕ እንደምትጭኑት ድረ ገጹ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም ነው። ከሁሉም ስሙ የገነነው ቪውስ የሚባለው ነው። ድሮ ለብቻው ይጫን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 ድሩፓል 8 ሲወጣ ግን የዋናው ሶፍትዌር አካል ሆነ።

ቪውስ የሚሠራው ኩዌሪን ወደ ምርጫ መለወጥ ነው። የትኛው መረጃ ይታይ? ርዕስ፣ ድርጅት፣ የማመልከቻ ቀን። የትኛው ይቅር? ያልታተመው፣ ቀኑ ያለፈው። በምን ቅደም ተከተል? አዲሱ ይቅደም። ስንት በአንድ ገጽ? 20። አንዱን ማጣሪያ ለጎብኚው ክፍት ስታደርጉት ደግሞ ገጹ ላይ የመፈለጊያ ሳጥን ይሆናል። እናንተ በማውስ ትመርጣላችሁ፤ ቪውስ ኤስኪውኤሉን ይጽፋል። አንድ መስመር ኮድ ሳልጽፍ ዝርዝሩን በአንድ ከሰዓት ጨረስኩት።

ሞከርኩትም። «ሹፌር» ብዬ ጻፍኩ፤ መጣ። «መሐንዲስ» ብዬ ጻፍኩ፤ መጣ። በቃ ይሠራል አልኩ። ሁለተኛውን ቃል አዘጋጁ በጻፈበት ፊደል እንደጻፍኩት ግን ልብ አላልኩም።

ማሽኑ ድምፅ አይሰማም

የዚያን ቀን ማታ ድረ ገጹን ከፍቼ ምን እየተጠየቀ እንደሆነ ለማየት ተቀመጥኩ። በቪውስ ማስተካከያ ገጽ ላይ ኤስኪውኤሉን እንዲያሳይ የሚያዝ ምርጫ አለ፤ ምልክት አደረግኩበትና የአክስቴ ልጅ የጻፈችውን ደግሜ ጻፍኩ። ጥያቄው ፊቴ ላይ ወጣ፦ ርዕሳቸው ውስጥ «ሂሳብ ሰራተኛ» የሚል ያለባቸውን አምጣ። ሰንጠረዡ ውስጥ ያለው ግን «የሒሳብ ሠራተኛ» ነው።

ለእኛ አንድ ነው። ጮክ ብላችሁ ብታነቡት ልዩነት የለውም። ማሽኑ ግን አያነብም፤ ቁጥር ነው የሚያወዳድረው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጠው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ዛሬ በስልካችን አማርኛ የምንጻጻፈው በእሱ ነው። ነገር ግን ለዳታቤዙ በ«ሀ» እና በ«ሐ» መካከል ያለው ልዩነት፣ በ«ሀ» እና በ«ለ» መካከል ካለው አይተናነስም። ሁለቱም የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው።

የእንግሊዝኛ ተጠቃሚ እንዲህ ዓይነት ችግር ብዙም አይገጥመውም። በትልቁም ጻፈው በትንሹ ፊደል፣ በተለምዶ የሚመረጠው የዳታቤዝ ማወዳደሪያ ሕግ አንድ አድርጎ ያይለታል። ለእኛ «ሀ፣ ሐ፣ ኀ»፣ ለ«ሰ» እና «ሠ»፣ ለ«አ» እና «ዐ»፣ ለ«ጸ» እና «ፀ» እንዲህ ያለ ሕግ እዚያ ውስጥ የለም።

አሁን እንቁጠር። «ሂሳብ ሰራተኛ» ሲጻፍ ለመጀመሪያው ሆሄ ሦስት ምርጫ አለ፤ ለ«ሳ» ሁለት፣ ለ«ሰ» ሁለት። 3 ሲባዛ በ2፣ ሲባዛ በ2፣ 12 ይሆናል። አንድ የሥራ መደብ 12 ዓይነት አጻጻፍ አለው ማለት ነው። «ዓለም» 4 ነው። «ፀሐይ» ደግሞ «ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ» ሁሉም በአማርኛ አንድ ዓይነት ስለሚነበቡ እሱም 12 ይመጣል።

ታዲያ ማን ነው የተሳሳተው? ማስታወቂያውን የጻፈው አዘጋጅ ብዙ ጋዜጦች በሚጽፉበት መንገድ ጽፏል። እሷም በስልኳ ኪቦርድ የሚቀላትን ፊደል ነካች፤ ሁላችንም እንደምናደርገው። የተሳሳተው ጥያቄውን ያዘጋጀው ሰው ነው። ሰዎች አንዱን ቃል በተለያየ ፊደል እንደሚጽፉ እያወቀ፣ ማሽኑ ፊደል በፊደል እንዲያመሳስል ያዘዘው እኔ ነኝ።

የፍለጋ ዋጋ

ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ በወረቀት የተማርኩት ነገር በዚያ ማታ ነው የገባኝ። ጆርጅ ስቲግለር እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጽሑፍ መረጃ በነፃ እንደማይገኝ፣ መፈለግ ራሱ ወጪ እንዳለው አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ፒተር ዳይመንድ፣ ዴል ሞርቴንሰንና ክሪስቶፈር ፒሳራይድስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት የፍለጋ ዕንቅፋት ያለባቸው ገበያዎች እንዴት እንደሚሠሩ በመተንተናቸው ነው። ዋናው ነጥብ ቀላል ነው፦ ክፍት ሥራ አለ፣ ሥራ ፈላጊም አለ፤ ግን መገናኘት ጊዜና ገንዘብ ስለሚጠይቅ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ሊተላለፉ ይችላሉ።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ለማየት መጽሐፍ አያስፈልግም። አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ የሥራ ማስታወቂያ የሚያነበውን ወጣት ማየት ይበቃል። የታክሲ፣ የጋዜጣ ኪራይ፣ የፎቶ ኮፒ፤ ሁሉም የፍለጋ ዋጋ ነው። ድረ ገጽና ስልክ ይህን ዋጋ ይቀንሳሉ ብለን ነው የምንሠራው። የእኔ ሳጥን ግን ዋጋውን አልቀነሰም፤ ደበቀው። አራት ኪሎ ሄዳ ቢሆን ኖሮ ማስታወቂያውን በዓይኗ ታየው ነበር። ሳጥኑ ግን በሙሉ ልብ «ምንም አልተገኘም» ብሎ ስላሰናበታት ሌላ ቦታ እንኳ አልፈለገችም። ከተሳሳተ መረጃ የከፋው ይኼ ነው፤ መፈለግ ያስቆማል።

ቀጣሪውም ተጎድቷል። ማስታወቂያ ለማውጣት ከፍሎ፣ ፊደሉን እሱ በጻፈው መንገድ የጻፉ ሰዎች ብቻ ናቸው ፈልገው ያገኙት።

ጥያቄውን መንገድ ላይ መያዝ

ለማስተካከል መጀመሪያ የታሰበኝ አዘጋጆቹን «አንድ ዓይነት ፊደል ተጠቀሙ» ማለት ነበር። አይሆንም፤ እነሱን ብናስተካክል እንኳ ፈላጊውን ማን ያስተካክለዋል? ሁለተኛው ማስታወቂያዎቹን ራሳቸውን በአንድ ፊደል መለወጥ ነበር። እሱም አይሆንም። የድርጅትና የሰው ስም አለበት፤ «ዓለም» ብሎ ስሙን ያስመዘገበን ድርጅት «አለም» ብዬ የማሳየት መብት የለኝም።

የቀረው ጥያቄውን መለወጥ ነው። ቪውስ በማውስ ብቻ ይህን አይሠራም። ግን በር ትቶልናል። ድሩፓል ውስጥ ሁክ የሚባል ነገር አለ፤ መንጠቆ ማለት ነው። ቪውስ ኩዌሪውን አዘጋጅቶ ወደ ዳታቤዙ ከመላኩ በፊት «ማስተካከል የሚፈልግ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። በዚያች ቅጽበት የእናንተ ሞጁል እጁን አውጥቶ ኩዌሪውን ተቀብሎ፣ ለውጦ ይመልሳል። የዚህ መንጠቆ ስም ሁክ ቪውስ ኩዌሪ ኦልተር ነው። የቪውስን የራሱን ኮድ ገብቶ መነካካት ግን ነውር ነው፤ የሚቀጥለው ማሻሻያ ሲጫን ሥራችሁ ይጠፋል። የራስን ትንሽ ሞጁል መጻፍ ነው ደንቡ።

የእኔ ሞጁል ሁለት ነገር ይሠራል።

አንደኛ፣ ማስታወቂያ ሲቀመጥ የርዕሱን ቅጂ ወስዶ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ይሰበስባል፤ «ሐ»ን ወደ «ሀ»፣ «ሠ»ን ወደ «ሰ»፣ «ዐ»ን ወደ «አ»፣ «ፀ»ን ወደ «ጸ»። አምስቱ ተደራቢ ቤቶች እያንዳንዳቸው ሰባት ሆሄ ስላላቸው 35፣ «ሃ»ን ወደ «ሀ» እና «ኣ»ን ወደ «አ» ስንጨምር 37 መስመር ያለው የፊደል መመሳሰያ ሰንጠረዥ ሆነ። «ሓ» እና «ኃ»ም ወደዚያው «ሀ» ይገባሉ። ይህ ቅጂ ለማንም በማይታይ መስክ ውስጥ ይቀመጣል። የሚታየው ርዕስ አዘጋጁ እንደጻፈው ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ፍለጋ ሲደረግ መንጠቆው ኩዌሪው ውስጥ ያሉትን ማጣሪያዎች አንድ በአንድ ያያል። የተደበቀውን መስክ የሚመለከተውን ሲያገኝ፣ ተጠቃሚው የጻፈውን ቃል በዚያው ሰንጠረዥ አሳልፎ ይተካዋል። ሁለቱም ወገን አንድ ልብስ ለብሰው ስለሚገናኙ ይተዋወቃሉ።

በኩራት ሞከርኩት፦ «ሂሳብ ሰራተኛ»። «ምንም አልተገኘም»።

ለካ ድሮ የገቡት ማስታወቂያዎች የተደበቀ መስካቸው ባዶ ነው! ሞጁሉ የሚሞላው አዲስ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ሁሉንም እንደገና አስቀመጥኳቸው፤ ያኔ መጣ። 12ቱንም አጻጻፍ በየተራ ጻፍኩ፤ ሁሉም አንድ ዝርዝር አመጡ። በኋላ ሰዎች «ው» እና «ዉ»ን እንደሚያቀያይሩ ስላየሁ 38ኛ መስመር ጨመርኩ።

አንድ ወዳጄ «ፊደል ልታጠፋ ነው» ብሎ ተቆጣኝ። «ድኅነት» መዳን ነው፣ «ድህነት» ማጣት ነው፣ አንተ ሁለቱን አንድ ታደርጋለህ አለኝ። እውነቱን ነው፤ በተደበቀው መስክ ውስጥ አንድ ይሆናሉ። ግን በገጹ ላይ ልዩነታቸው እንዳለ ነው። ለሥራ ፈላጊ ትርፍ ውጤት ማለት አንድ ጊዜ በጣት ገፋ አድርጎ ማለፍ ነው፤ የጎደለ ውጤት ግን ያለፈ ዕድል ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት መዝገብ ብሠራ ሰንጠረዡን ሌላ አደርገው ነበር።

ሁለት ማስጠንቀቂያ

ይህን ለመሞከር የምትነሱ ካላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኩዌሪ የምትነኩ ከሆነ ተጠቃሚው የጻፈውን ቃል በቀጥታ ኤስኪውኤሉ ውስጥ አትለጥፉ፤ ድሩፓል እሴቱን ለብቻው አሳልፎ እንዲሰጥ አድርጉ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 15 ቀን 2014 ይፋ የሆነው የድሩፓል 7 ቀዳዳ የመጣው ከዚህ ሰፈር ነው፤ መለያና የይለፍ ቃል የሌለው ሰው እንኳ የራሱን ኤስኪውኤል ማስገባት ይችል ነበር። ማስተካከያው በዚያው ቀን ወጥቷል። ሆኖም የድሩፓል የደኅንነት ቡድን በኋላ እንዳስጠነቀቀው፣ በ7 ሰዓት ውስጥ ያላስተካከለ ሁሉ ድረ ገጼ ተሰብሯል ብሎ ማሰብ ነበረበት። ቪውስ ውስጥም የኤስኪውኤል ማሻሻያን የሚያጠፋ ምርጫ አለ፤ ለፍጥነት ብላችሁ ከነካችሁት ማን ምን ማየት ይፈቀድለታል የሚለው ቁጥጥር አብሮ ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛው የአገራችን ጉዳይ ነው። ዝርዝሩን ስፈትሽ ለሕዝብ ወጥተው ግን ለማንም የማይታዩ ማስታወቂያዎች አገኘሁ። የማመልከቻ ቀናቸው በኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት ተሞልቷል። መስኩ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ስለሆነ ማስታወቂያው ገና ሲወለድ ሰባት ስምንት ዓመት ያለፈበት ሆነ፤ ማጣሪያውም ታማኝ ሆኖ ደበቀው። አሁን የማመልከቻ ቀኑ ከዛሬ በፊት ከሆነ ሞጁሉ አዘጋጁን አስቁሞ ይጠይቀዋል።

ለፈላጊዎች

አብዛኞቻችሁ ሞጁል አትጽፉም፤ ግን በየቀኑ ትፈልጋላችሁ። ስለዚህ ሳጥኑ «የለም» ሲላችሁ ወዲያው አትመኑት። በሌላ ፊደል ድገሙት። ረጅም ሐረግ ትታችሁ አንድ ቃል ብቻ ጻፉ። የቃል ቁራጭ በሚቀበሉ ድረ ገጾች ላይ ደግሞ ሞክሼ የሌለበትን ክፍል ምረጡ፦ «ራተኛ» ብላችሁ ብትጽፉ «ሰራተኛ»ም «ሠራተኛ»ም ይመጣል። በእንግሊዝኛውም ሞክሩ። ምንም ካልመጣ ሳጥኑን ተዉትና ዝርዝሩን በቀን ቅደም ተከተል ወደ ታች እያያችሁ ውረዱ። ከዚያም ለድረ ገጹ ባለቤት መልእክት ላኩ። የሚሠራው ሰው እንደ እኔ በራሱ ፊደል ሞክሮ «ይሠራል» ብሎ ተኝቶ ሊሆን ይችላል።

ያስተካከልኩ ዕለት የአክስቴን ልጅ ጠርቼ ስልኳን እንድትከፍት አደረግኩ። «ሂሳብ ሰራተኛ» ብላ ጻፈች፤ አራት ማስታወቂያ መጣ። ሦስቱ ልምድ ይጠይቃሉ። አንዱን ከፍታ አነበበችና ዝም አለች።

«ያለፈውስ?» አለችኝ።

«ያለፈው አለፈ። ይቅርታ» አልኳት።

የማመልከቻ ደብዳቤዋን አስተካከልንላት። ለአራተኛው በማግሥቱ ጠዋት ወስዳ አስገባች።